ጆሮውን ብቻ ብናይስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር፣ ከቤቴ ነኝ። ልጆቹ አሁን ገና ተኝተዋል፤ ድምፄ ዝቅ ቢልባችሁ ለዚያ ነው።

ዛሬ ትንንሽ ልጆችን ይዞ በጀልባ ጣና ላይ ስለመውጣት ላውራችሁ። ጉማሬና ወፍ ለማየት ማለቴ ነው። እኛ ጎንደሮች ልጅ እናዝናና ስንል ቀድሞ የሚመጣልን ፋሲል ግቢ ነው። ራቅ እንበል ካልን ደግሞ ሰሜን ተራሮች፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት። ጣና ግን እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው። በአዘዞ ወጥቶ፣ ቆላ ድባን አልፎ ጎርጎራ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው አጣርቶ መውጣት ግድ ነው፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ።

የእኔዎቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ ትምህርት ቤት ገብታለች። ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚያነሳው የልጁን ነገር ነው። ይንቀሳቀሳል፣ ይጮሃል፣ አይቀመጥም ይሉኛል። እውነት ነው፣ ልጅ ልጅ ነው። እኔ ግን የበለጠ የምፈራው እኛን አዋቂዎቹን ነው። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ ለጀልባ ከፍለን፣ ልጁ ጉማሬውን በደንብ ሳያይማ እንዴት እንመለሳለን እንላለን። ከዚያ ባለጀልባውን “እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልን” ማለት እንጀምራለን። ልጁ እኮ ጠጋ እንበል አላለም።

ጉማሬ ሲያዩት ወፍራም፣ ቀርፋፋ፣ የዋህ ይመስላል። ልጆች መጽሐፍ ላይ ሁልጊዜ እየሳቀ ነው የሚሳለው። ትልቅ ጉማሬ ግን ከ1,500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ መሬቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው። አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ይቆያል። እዚያ ጋ ጠለቀ ካላችሁ በኋላ የት ብቅ እንደሚል የሚያውቅ የለም። ግልገል የያዘች እናት ደግሞ ጭራሽ አትቻልም።

ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ውሃ ነው። ጀልባው በእሱና በጥልቁ መካከል ከገባ መንገዱን ዘጋንበት ማለት ነው። አፉን በሰፊው ሲከፍት ልጆች “እንቅልፉ መጣ” ይላሉ። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ አይደለም። ጥርሱን እያሳየ ነው፤ ራቁልኝ ማለቱ ነው።

ባለፈው የወሰደን ባለጀልባ ጠና ያለ ሰው ነው። ልጆቹ አባባ ነው የሚሉት። ደንገሉ ዳር ሁለት ጆሮዎች ታዩ። ሞተሩን ቀነስ አደረገና ገና ከሩቁ ቆመ። ጆሮዎቹ ቶሎ ቶሎ ተርገበገቡ፣ ውሃቸውን አራገፉ። ቀጥሎ ዓይኖቹ ወጡ። ከዚያ አፍንጫው “ፉፍ!” ብሎ ተነፈሰ፤ ውሃው ብን ብሎ ወደ ላይ ተረጨ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

“አባባ፣ ጠጋ አንልም?” አለች ትልቋ።

“አይ፣ የኔ እናት” አላት። “እኛ ጆሮውን ካየን እሱ ሁላችንንም አይቶናል። ይበቃናል።”

ምንም አላኮረፈችም። ትንሹማ የራሱን ጆሮዎች በሁለት እጁ ይዞ ሲያርገበግብ ዋለ። ቤት ገብቶም ለአያቱ ያሳየው ያንኑ ነው። ጉማሬው ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ቢጠይቁት አይነግራችሁም። ጆሮው ግን እንዴት እንደሚርገበገብ ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል።

ልጆቻችን ጭላዳ ለምደዋል። ጭላዳ እኮ አጠገቡ ብትቀመጡ ሳሩን መንቀል አያቆምም። ስለዚህ ልጆቹ የዱር እንስሳ ሁሉ እንደዚያ ይመስላቸዋል። ከሩቅ ብቻ የሚታይ፣ እንድንርቅለት የሚፈልግ እንስሳ እንዳለ በልጅነታቸው ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ይህን በወሬ ማስተማር ይከብዳል። አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ ሞተሩን ቀንሶ ሲቆም ግን ይገባቸዋል።

ትልቋ ጥያቄ አያልቅባትም። “ለምን ወጥቶ አይታይም?” አለች። ቆዳው ፀሐይ አይችልም፣ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል አልናት። ባለጀልባውም ሐይቁ ዳር ያለው ገበሬ ማሳውን ሲጠብቅ እንደሚያድር ነገራት። ጉማሬ አንድ ሌሊት ማሳ ከገባ የበላው በልቶ የቀረውን ረግጦ ነው የሚሄደው። ትንሽ አሰበችና “ታዲያ ማን ነው ልክ?” አለችኝ። ሁለቱም ይርባቸዋል አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ አልመጣልኝም። የገበሬው ሐቅ ቀላል ነገር አይደለም። ለመዝናናት የሄድን ሰዎችም ይህን ሰምተን ብንመለስ ጥሩ ነው።

ወፎቹን ደግሞ ልንገራችሁ። ጉማሬ ለማየት ብላችሁ ሄዳችሁ ጉማሬ ልታጡ ትችላላችሁ። ጣና ላይ ወፍ የማጣት ነገር ግን የለም። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ወፍ ይሻላል፤ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ጥቁርና ነጭ የሆነች አንዲት ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለች። አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች አንድ ቦታ ትቆማለች፣ ታነጣጥራለች፣ ከዚያ በአፍንጫዋ ውሃው ውስጥ ጥልቅ! ትንሹ በጠለቀች ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። ዓሣ ይዛ ስትወጣ ያጨበጭባል። ባዶዋን ስትወጣ “አይዞሽ!” ይላታል።

ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆም ጥቁር ወፍም አለ፣ ኮርሞራንት ይሉታል። ላባው ውሃ ስለሚገባው ዓሣ አድኖ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደርቃል። ትልቋ “ሸሚዙን አስጥቷል” አለች። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ንስር ደግሞ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ሐይቁ ሁሉ ይሰማዋል። ፔሊካኖቹ በቡድን ሲያጠምዱ ማየትም ያምራል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከሄዳችሁ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡ፣ ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ወፎችን ታገኙ ይሆናል፤ ሐይቁ ዳር ካሉት እርጥብ ሜዳዎች ላይ ነው የሚውሉት። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እዚሁ ጎርጎራ ዙሪያ፣ ደምቢያ የሚከርም ወፍ አለ ብላችሁ ለልጅ ንገሩት እስቲ። ዓይኑን ማየት ነው።

አንድ የከበደኝ ነገር እምቦጭ ነው። ውሃው ላይ ተንጣሎ አየነው፤ አበባው ወይን ጠጅ፣ እጅግ የሚያምር። ልጄ “እማዬ፣ ቅጠፊልኝ” አለች። ይህ አበባ ሐይቁን እያነቀው ነው ብሎ ለልጅ መንገር ቀላል አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን በዚህ በእኛ በኩል፣ የመገጭ ወንዝ በሚገባበት ዳርቻ ነው የበረታው። ዓሣው የሚራባበትን ቦታ ይሸፍናል፣ ጀልባ አያሳልፍም። ስንት ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደነቀለው ታስታውሳላችሁ። ጣና ውስጥ እኮ በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ።

ለልጄ በቀሃ ወንዝ በኩል ነው የነገርኳት። ቀሃን ታውቀዋለች፤ የጥምቀት ለታ የሚረጩት ውሃ ከቀሃ ነው የሚመጣው። ቀሃም አንገረብም ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ጎንደር ላይ ቦይ ውስጥ የምንጥለው ቆሻሻ በዚያው መንገድ ይወርዳል። አረሙ ደግሞ በቆሻሻና ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያ ይፋፋል። “የብስኩት ላስቲኬም?” አለች። አዎ፣ የብስኩት ላስቲክም ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በር ላይ ላስቲክ የሚጥል ልጅ ካየች አታልፍም፤ አንዳንዴ ትጣላለች ሁሉ። አልከለክላትም።

አሁን ለምትሄዱ። ከጎንደር በ12 ሰዓት፣ ጎህ ሲቀድ ውጡ። ጠዋት ጣና ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ልጅ ያስፈራል። አንድ ሰዓት ውሃ ላይ ለትንሽ ልጅ በቂ ነው፣ ሲሰለቻቸው መመለስ ነው። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። እግራቸውን ሐይቁ ውስጥ እንዲነክሩ አትፍቀዱ፣ ብልሃርዚያ አለ። ወባም ስላለ ማደር ካሰባችሁ አጎበር አይቅር። ሲመለሱ የተጠበሰ ዓሣ አለ፤ አጥንቱን አውጡላቸው።

ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬት ላይ ግን ቆም ልበል። ብዙ ጊዜ ጀልባው ላይ ያለው የአዋቂ ነው። የአዋቂ ጃኬት ለአራት ዓመት ልጅ የለም ማለት ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ ከስር ሾልኮ ይቀራል። መሞከር ቀላል ነው። አልብሱት፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፣ ከዚያ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ጆሮው ከደረሰ አይሆንም። በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው ይሻላል። እኔ የልጅ ጃኬት ገዝቼ ይዤ ነው የምሄደው። ደግሞ ጉማሬ ሲታይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፤ ያኔ ጀልባው ያዘነብላል። ሳትነሱ በፊት ለልጆቹም ለአዋቂዎቹም “ቁጭ ብለን ነው የምናየው” በሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ጎርጎራ ስትደርሱ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት “የልጅ ጃኬት አለ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካሉ በቁጣ ሳይሆን በትህትና “ለልጆቻችን ብታመጡልን” በሏቸው። ባለጀልባዎቹም ልጆች አሏቸው፣ ይገባቸዋል። የሚጠይቀው ሰው ከበዛ ይገዛሉ። በኅዳር ክሬኖቹን ለማየት እንደገና ልንወርድ አስበናል፤ እኔም ያኔ እጠይቃለሁ። ሳምንት እንገናኝ፣ ደህና እደሩ።