«መጀመሪያ አንብቡት እንጂ አትፈግፍጉት»፦ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ስላረፉ መሪዎችና ባለሥልጣናት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ አራት ኪሎ የሚገኘው መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግንባታው ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ፣ በወረራው ተቋርጦ፣ ከነጻነት በኋላ የተጠናቀቀ ቤተ ክርስቲያን ነው። በውስጡና በግቢው የንጉሠ ነገሥት፣ የጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ የሚኒስትሮች፣ የጦር መኮንኖችና የአርበኞች መቃብር ይገኛል። አድማጮች በስልክ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ለዓመታት ሲቀርቡልኝ የኖሩ ናቸው። ጥያቄው የቆየ ቢሆንም ጠያቂው አዲስ ነውና ለሁሉም እንደ አቅሜ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእርግጥ እዚያ ነው የተቀበሩት? መቼ?

አዎን፣ ያረፉት በካቴድራሉ ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 በደርግ እስር ላይ ሳሉ ሞቱ። አጽማቸው ለዓመታት የት እንዳለ ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቶ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ በየካቲት 1984 በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት በታች ተገኘ። ከዚያም በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን በአደራ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ወደ ቅድስት ሥላሴ ተወስዶ፣ የካቲት 8 ቀን 1954 ካረፉት ከእቴጌ መነን ጋር ጎን ለጎን ተቀበረ። ከሞታቸው እስከ ቀብራቸው ሃያ አምስት ዓመት አልፏል ማለት ነው። ሥርዓቱን ቤተ ክርስቲያንና ቤተሰብ ፈጸሙት እንጂ የመንግሥት ቀብር አልነበረም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሁለቱን የድንጋይ ሣጥኖች ለማየት የሚገቡ ሰዎች እጃቸውን እየደገፉና እያሻሹ ፎቶግራፍ ሲነሡ አያለሁ። በየቀኑ የሚያርፍበት የብዙ ሰው ላብና ቅባት የተወለወለን ድንጋይ ያጠቁራል። እባካችሁ በዓይናችሁ ብቻ እዩት።

ጥያቄ፦ ዳግማዊ ምኒልክስ እዚያው ናቸው?

አይደሉም። ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት በበዓታ ለማርያም ነው።

ጥያቄ፦ «ስድሳዎቹ» የሚባሉት እነማን ናቸው? መቃብራቸው የት ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ወጣቶች ናቸው፤ በመጠየቃቸውም ደስ ይለኛል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ በእስር ላይ የነበሩትን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣናትና መኮንኖች፣ ከሌሎች እስረኞች ጋር፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡና የመከላከያ ቃል ሳይሰጡ በአዲስ አበባው ማዕከላዊ እስር ቤት፣ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» በሚለው ግቢ፣ በጥይት ገደላቸው። በዚያው ሌሊት በመኖሪያ ቤታቸው በተደረገ ውጊያ የተገደሉት ጄኔራል አማን አንዶምም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራሉ። ከሟቾቹ መካከል ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ፦ ከ1953 እስከ የካቲት 1966 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ እንዲሁም እርሳቸውን ተክተው እስከ ሐምሌ 1966 ብቻ የቆዩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን። ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ ራስ መስፍን ስለሺ፣ ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ የአክሊሉ ወንድም አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድም በዚያው ሌሊት ተገድለዋል።

አስከሬናቸው እዚያው በእስር ቤቱ ግቢ በጅምላ ጉድጓድ ተጣለ። ቤተሰብ አልቀበረም፣ ፍትሐት አልተደረገም። ደርግ ከወደቀ በኋላ አጽማቸው ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ቅድስት ሥላሴ ግቢ ተወሰደና በክብር አረፈ፤ መታሰቢያም ቆመላቸው። እስር ቤቱ ዛሬ የለም፤ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ተሠርቷል። በዚያ ግቢ የሆነውን በድንጋይና በፊደል ይዞ የቀረልን በቅድስት ሥላሴ የቆመው መታሰቢያ ነው፤ ስለ ጽሑፉ መጥፋት አጥብቄ የምጨነቀውም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የስድሳዎቹ ግድያ በአንዱ ጽሑፍ 1967፣ በሌላው 1974 ይላል፤ የጃንሆይ ሞትም በአንዱ 1967፣ በሌላው 1975 ነው። የቱን ልመን?

ሁሉም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ግን ስምንት ዓመት ነው። ስድሳዎቹ በኅዳር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ ስለሞቱ ሁለቱም ሞቶች በእኛ በአንድ ዓመት፣ በ1967፣ ሲውሉ በፈረንጆቹ ግን በሁለት የተለያዩ ዓመታት ይውላሉ። ወሩን ሳያዩ ከዓመቱ ላይ በደፈናው ስምንት የሚደምሩ ወይም የሚቀንሱ ሰዎች የስንቱን ሰው የሞት ዓመት እንዳዛቡ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ስለዚህ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ቀን ስትገለብጡ መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉ። በግእዝ አኃዝ ፲፱፻፷፯ ካለ ፲፱፻፷፯ ብላችሁ ጻፉና ከጎኑ «1967 ዓ.ም.» አድርጉ። የፈረንጁን የምታሰሉት ወሩን ካያችሁ በኋላ ነው። ወሩ ካልተጻፈ አታስሉት፤ እንዳለ ተዉት።

ጥያቄ፦ የአያታችን መቃብር በዚያ ግቢ ነው፤ በንጉሡ ዘመን በመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ። ለሙት ዓመታቸው ድንጋዩን በበረኪና እና በሽቦ ብሩሽ ልናጸዳው፣ ፊደሉንም በጥቁር ቀለም ልናደምቀው አስበናል። የትኛው ቀለም ይሻላል?

እባካችሁ የትኛውንም አትቀቡ። ይህ ጥያቄ በየበዓሉና በየሙት ዓመቱ ሰሞን ይደርሰኛል። በመልካም ልብና በፍቅር ስለሚደረግ ማንም አይከለክለውም፤ ነገር ግን እኔ እስከማየው ድረስ ከዝናቡና ከፀሐዩ ይልቅ የታሪክ ጽሑፍ ያጠፋብን ይህ ልማድ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንድመልስ ፍቀዱልኝ።

እምነ በረድም ሆነ የኖራ ድንጋይ በባሕርይው አሲድን አይችልም። የባትሪ አሲድ ወይም አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ስታፈሱበት የሚነሣው አረፋ ቆሻሻው ሲለቅ ይመስላችኋል። አረፋው ግን ድንጋዩ ራሱ እየሟሟ የሚወጣ ጋዝ ነው። ድንጋዩ ለአንድ ሰሞን ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ላዩ ይሻክራል፣ በሻከረው ላይ አቧራና የድንጋይ ሽበት ከበፊቱ ይልቅ ፈጥኖ ይይዛል፣ የፊደሉም ጠርዝ ይደበዝዛል። በረኪና ደግሞ ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እየጠጠረ ያብጣል፤ በክረምት ይረጥባል፣ በበጋ እንደገና ይጠጥራል፣ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ላዩ በዱቄት መልክ ይረግፋል። የሽቦ ብሩሽ ድንጋዩን ይቧጭራል፤ የሚቀሩት የሽቦ ቅንጣቶችም ዝገው ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋሉ። ዘይት ቀለም እርጥበትን ከውስጥ ያፍነዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲላጥ የፊደሉን ጠርዝ ይዞ ይነሣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የደበዘዘ ፊደል በግምት የሚቀባበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ቀቢው ያልነበረ ስም ወይም ያልነበረ ዓመት ይጽፋል፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪም ያንኑ ይገለብጣል።

አሁን ከድንጋዩ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንዳንድ ሰዎች «እንዲበረታ» ብለው በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ቀላቅለው ያፈሳሉ። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንን፣ ጉሮሮንና ሳንባን ያቃጥላል፣ በተለይ በምድር ቤትና በተከለለ ስፍራ ሰው ሊገድል ይችላል። ሕፃናትና አረጋውያን በተሰበሰቡበት የዝክር ቀን እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ በሟች ስም በሕያዋን ላይ አደጋ መጥራት ነው። ባለማወቅ ተቀላቅሎ ሽታው ከመጣባችሁ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ራቁ፣ ሌሎችንም አርቁ፤ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ማቃጠል ያለበት ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ከካቴድራሉ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቁ። ድንጋዩ ካልተሰነጠቀና ላዩ የማይረግፍ ከሆነ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ የፀጉር ብሩሽ ይበቃል። መጀመሪያ በደንብ አርጥቡት፣ ከታች ወደ ላይ በቀስታ አሹት፣ በብዙ ውኃ አጥቡት። የዱቄት ሳሙናም ቢሆን ጨው ስላለበት አትጠቀሙ። ሽበቱ ሁሉ ካልለቀቀ ይቅር፤ ያረጀ ድንጋይ ያረጀ መምሰሉ ነውር አይደለም። የቀለጠ ሰም በቢላ አትፋቁ፤ ጧፉንም ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን በመቅረዝ ወይም በሰሐን ላይ አብሩ። ድንጋዩን በእጃችሁ ስትዳስሱት ዱቄት ከተወላችሁ ውኃም እንኳ አታስነኩት፤ የድንጋይ ጥገና ባለሙያ ጥሩ።

ጥያቄ፦ ሲልቪያ ፓንክረስት የተባለች እንግሊዛዊት ከአርበኞች ጋር የተቀበረችው ለምንድን ነው?

በዘመኗ የአገሯን መንግሥት ተቃውማ ከኢትዮጵያ ጎን ስለቆመች ነው። በእንግሊዝ የሴቶችን የመምረጥ መብት ለማስከበር በመታገል የታወቀች ፖለቲከኛ ስትሆን፣ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረች ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁማ ለዓመታት አሳትማለች። በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፤ መስከረም 17 ቀን 1953፣ በመስቀል ዕለት፣ አረፈች። ንጉሠ ነገሥቱ የክብር ቀብር እንዲደረግላት አዘዙ፤ በካቴድራሉ ፊት ለፊት ለአርበኞች በተከለለው ስፍራም ወለተ ክርስቶስ በተባለ የክርስትና ስም ተቀበረች። በየካቲት 2009 ያረፉት ልጇ፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም መቃብራቸው በዚያው በቅድስት ሥላሴ ነው። የሁለቱን ማረፊያ ያላያችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እንድታዩ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ባለውለታን ማወቅ ከልጅነት የሚጀመር ትምህርት ነው።

ጥያቄ፦ አቶ መለስ ዜናዊም እዚያው መቀበራቸው ትክክል ነው? ከጃንሆይ ጋር በአንድ ግቢ እንዴት ይሆናል?

ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 አርፈው ነሐሴ 27 ቀን በቅድስት ሥላሴ ግቢ ተቀብረዋል። ከእርሳቸው ጥቂት ቀናት ቀድመው ያረፉት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዚያው ካቴድራል ተቀብረዋል። በ2011 ያረፉት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ መቃብርም እዚያ ነው።

«ትክክል ነው?» ለሚለው ግን የምመልሰው እንደ ታሪክ ሰው ነው። በሕይወት ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ የማይችሉ ሰዎች በአንድ ግቢ ማረፋቸው የስፍራውን የታሪክ ዋጋ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያሳንሰውም። የዘውዱ ዘመን፣ የአብዮቱ ሰለባዎችና ከአብዮቱ በኋላ የመጣው መንግሥት በእግር አጭር መንገድ ውስጥ በተራ ይነበባሉ። በአንድ መሪ ላይ ያላችሁን ቅሬታ በመጽሐፍ ጻፉት፣ በመድረክ ተከራከሩበት። በመቃብሩ ላይ ስም መፋቅ፣ በምስማር መጻፍ ወይም ፎቶግራፍ መስበር ግን ሟቹን አይነካውም፤ የሚጎዳው ነገ እውነቱን ሊመረምር የሚመጣውን ልጅ ነው። ይህን የምለው ስለ ሁሉም ነው፤ ስለምትወዱትም ስለምትጠሉትም።

ጥያቄ፦ ለፎቶግራፍ ከመቃብሩ ላይ መቆም ይቻላል?

አይቻልም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ አባታችን ባለሥልጣን ነበሩ፤ በዚያ ግቢ እንድንቀብራቸው ተናዘዋል። ምን እናድርግ?

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም። ፈቃዱን የሚሰጠው ቤተ ክርስቲያኑ ስለሆነ ጊዜው ሳይደርስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የካቴድራሉን ጽሕፈት ቤት ያነጋግር፤ አስከሬን ከውጭ ስለሚመጣበት ሥርዓት ደግሞ ኤምባሲውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአንድ የቆየ ባለሥልጣን የመቃብር ድንጋይ ተሰንጥቆ ዘንብሏል። በሲሚንቶ ብንለስነውስ?

ሲሚንቶ አይሆንም። ከአሮጌው ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክርና እርጥበት ስለማያሳልፍ ስንጥቁን ከጎኑ ያሰፋዋል፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚጠገነው በኖራ ነው፤ እርሱም በሚያውቅ እጅ። የዘነበለውን ድንጋይ ደግሞ ለማቃናት አትሞክሩ፤ እጅግ ከባድ ስለሆነ ሰው ላይ ወድቆ ሊገድል ይችላል። ልጆችን ከአጠገቡ አርቁ፣ ለካቴድራሉ አስተዳደር አሳውቁ፣ የቅርስ ባለሥልጣን ባለሙያ አይቶ እስኪወስን ድረስ አትንኩት።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ። በግቢው ያሉትን የመቃብር ጽሑፎች መመዝገብ እፈልጋለሁ፤ ፊደሉ የማይነበበውን በጠመኔ ባደምቀው ችግር አለው?

አለው፤ ጠመኔውም በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል፣ ለማስለቀቅ የሚደረገው ፍግፈጋም ጽሑፉን ይጎዳል። ሐሳብህ ግን እጅግ ያስደስታል፣ ልትገፋበትም ይገባል። ፈቃድህን ይዘህ ማለዳ ወይም ማምሻ ላይ ሂድ፤ ፀሐይ ከጎን ዝቅ ብላ ስታበራ በእኩለ ቀን የማይታየው ቅርጽ ጥላ አውጥቶ ይነበባል። ደመና ከሆነ የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግተህ አብራ። ፎቶግራፉን ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን አንሣ፣ መቃብሩ ከየትኛው መቃብር አጠገብ እንደሆነም በንድፍ አስቀምጥ። ማዕረጉን፣ የፊደሉን አጻጻፍና ቀኑን ስሕተት ቢመስልህም እንዳለ ገልብጥ፤ አስተያየትህን በሌላ ዓምድ አድርገው። ያልተነበበውን ፊደል በነጥብ ተካው እንጂ በግምት አትሙላው። ሲያልቅም አንዱን ቅጂ ለካቴድራሉ፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲህ ቤተ መጻሕፍት ስጥ።