ለየኔታ፦ በአርባቸው መታሰቢያ ላይ የተነበበ ንግግር

የተከበራችሁ የየኔታ ቤተሰቦች፣ የድሮ ባልደረቦቼ፣ አለቆቻችንም፤

የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ነው። ጽፌ መጣሁ። በቃሌ ብናገር ማሰሪያ አንቀጽ እረሳና የኔታ ካሉበት ሆነው ይታዘቡኛል።

ስማቸውን አልጠራም። እዚህ ቤት በስማቸው የጠራቸው ሰው የለም። ደመወዝ ከፋያችን እንኳ መዝገቡን ስትዘረጋ «የኔታ፣ ይፈርሙ» ነበር የምትለው።

አዲስ የገባችሁ ልጆች አታውቋቸውምና ትንሽ ልበል። የኔታ ዋሸራ ቅኔ ተምረው፣ ኋላ አዲስ አበባ መጥተው ጋዜጣ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። 31 ዓመት አራሚ ነበሩ። ጠረጴዛቸው ከደረጃው ሥር ነበረች። አሁን የውኃ ማቀዝቀዣው የቆመበት ቦታ ማለት ነው። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር ያስገባሉ፤ አንብበው ሲጨርሱ አንድ መስመር ዝቅ ያደርጓታል። እኔ ረቂቁን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ፕሩፉን፣ ለእርማት የወጣውን ቅጂ፣ ይከተላሉ። አራት ነጥብ ሳይቀር ይነበባል። «ሕዝብ በሐመሩ፣ ሥራ በንጉሡ፣ ዓለም በዓይኑ፣ አራት ነጥብ።» ቤቴ ገብቼ ለልጄ ተረት ሳነብ «ነጠላ ሰረዝ» ያልኩበት ቀን አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ እንደ ሰ እና ሠ ያሉ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ባይ ነኝ። በዚህ ነገር ከየኔታ ጋር ስንከራከር ኖረናል፤ ዛሬም አልተረታሁም። ግን አንዲት ሌሊት አለች።

ክረምት ነበር። የፊት ገጹ ታርሞ ወጥቷል። በመጨረሻው ሰዓት ዋናው ርእስ ተቀየረ። ለእርማት አልተመለሰም። «መሽቷል» ተባለ። አዲሱ ርእስ «ኃላፊው 300 ሥራ አጥ ወጣቶችን አሠሩ» የሚል ነበር። ሥራ ሰጡ ለማለት ነው። የማተሚያው ፕሌት ላይ የወጣው ግን በእሳቱ ሰ ነው። «ሥራ አጥ ወጣቶችን አሰሩ»!

የኔታ ካፖርታቸውን ደርበው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ከማሽኑ የወጣች የመጀመሪያ ቅጠል አነሡ። አነበቧት። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ማሽን ክፍል ገቡ።

«አቁመው» አሉት ማሽኒስቱን።

«የኔታ፣ አለቃ ሳያዝ አላቆምም።»

ቀጥሎ የሚገባው የወረቀት ጥቅል ላይ ሄደው ተቀመጡ። «እንግዲያው ከኔ ጋር አትመው።»

አለቃው በስልክ ተቀሰቀሱ። «የኔታ፣ አንዲት ፊደል እኮ ናት። ሕዝቡ ይገባዋል።»

«አዎን፣ ይገባዋል» አሉ የኔታ። «ጠዋት 300 እናቶች በር ላይ ሲሰለፉ እርስዎ ወጥተው በንጉሡ ሠ መሆኑን ያስረዷቸዋል።»

ማሽኑ ቆመ። ሌላ ፕሌት ተሠራ። ጋዜጣው ሁለት ሰዓት ዘገየ። የሦስት ቀን ደመወዝ የተቀጣው ማን መሰላችሁ? ርእሱን ሳያሳርም የቀየረው? አይደለም። የኔታ! ምክንያቱ በደብዳቤው ላይ «ኅትመት በማስተጓጎል» ተብሎ ተጽፏል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቺን ሰ የመታኋት እኔ ነበርኩ። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ ላይ ንጉሡ ሠ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረቂቁም የኔታ እጅ ገብቷል። ያውቁ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። በማግስቱ ማስመሪያቸውን እያስተካከሉ «ዛሬ ቀስ እያልሽ አንብቢልኝ» አሉኝ። በቃ። የወሰዱት የኔን ቅጣት ነው። ይህን አላውቅም ነበር የምትሉ አለቆች ካላችሁ፣ ይኸው ዛሬ ሰማችሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሦስት ቀኑ ደመወዝ አይደለም። የጋዜጣችንን የድሮ እትሞች ገልጣችሁ እዩ። ዋና አዘጋጅ፣ ስሙ አለ። ምክትሉ አለ። ፎቶ አንሺው አለ። የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ሳይቀር አለ። አራሚው የለም! ስሕተት ሲወጣ ባለቤቱ አራሚው ነው። ንጹሕ ገጽ ሲወጣ ግን ባለቤቱ አዘጋጁ ነው። 31 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ስማቸው አልታተመም!

የኔታ ሻይ ሲጠጡ ደጋግመው የሚያወሩት ነገር ነበር። የግዕዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት። ሳይጨርሱ አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉ። እሳቸውም ሳይታተም አረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ሽፋኑ ላይም የመምህራቸውን ስም አኖሩ። የኔታ ይህን ሲያወሩ ስለ ራሳቸው የሚያወሩ አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው እጠራጠራለሁ።

ከዚያ «ኮምፒውተሩ ያርማል» ተባለ፤ የእርማት ክፍሉ ተዘጋ። ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያርም በየቀኑ እያነበብን ስለሆነ እዚህ ላይ አፌን አላደክምም።

በሽኝታቸው ቀን በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። «ለ31 ዓመት ላበረከቱት አስተዋጾ» ይላል። አስተዋፅኦ ለማለት ነው። ተቀበሉ፣ እጅ ነሡ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አወጡና መስታወቱ ላይ አረሙት። ለቅሶ ስንደርስ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። ቀለሙ ደብዘዝ ብሏል እንጂ አልለቀቀም።

ስለ ደግነታቸው፣ ለተላላኪዎቹ ልጆች ስለከፈሉት የማታ ትምህርት ሌሎች ይናገራሉ። ደቂቃዬም አልቋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እናንተ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ እኔ ስገባ ነው ያየሁት። ከኋላዬ ያለው ባነር «የመታሰብያ ፕሮግራም» ይላል። አትሣቁ። ለማን መታሰቢያ እንደሆነ እያወቃችሁ ነው ሳታስነብቡ የሰቀላችሁት!

ልጃቸው ትናንት ቀዩን እስክሪብቶ ሰጥታኛለች። ባነር ላይ ይጻፍ አይጻፍ እንጃ። እስቲ አንዳችሁ መጥታችሁ ወንበሩን ያዙልኝ።