ልቤን ምን አስሮጠው?

የተከበራችሁ የጅማ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ። የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች ግራ አንጓችሁ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ወረድ አድርጋችሁ አሳርፉ። ትርታው ተገኘ? አሁን ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፤ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ሲሳብ ፈጠን፣ ሲወጣ ዘግየት አላለም? ያልተሰማችሁ አትደንግጡ፣ ልዩነቱ በጣት ለመያዝ ይከብዳል። ደረት ላይ የሚታሰረው የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ግን አያመልጠውም።

ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ መታ ማለት እንደ ግድግዳ ሰዓት በየሰከንዱ እኩል መታ ማለት አይደለም። አንዱ ምት 0.9፣ ቀጣዩ 1.1 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። አረፍ ስንል የሚያረጋጋው ነርቭ ልብን እንደ ልጓም ጠበቅ ላላ ያደርገዋል። ስንጨነቅ ልጓሙ ይላላል፣ አድሬናሊን ይረጫል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ በምቶቹ መካከል ያለው ልዩነትም ይጠብባል። የልብ ምት የሚለኩ የእጅ ሰዓቶች «ውጥረት» ብለው ቁጥር የሚሰጡን በአብዛኛው ከዚህ ተነስተው ነው።

ድሮ ይህን መለካት ቀላል አልነበረም። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራው፣ በጀርባ የሚታዘለው የልብ መመዝገቢያ 38 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ያንን ተሸክሞ የማይጨነቅ ካለ እጁን ያውጣ!

እኔ ቀበቶውን አንድ ሳምንት አሰርኩት። ሰኞ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጅሬንን ዳገት ስወጣ የልቤ ምት በደቂቃ 128 ገባ። ማክሰኞ አንድ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊርማ ስጠብቅ «ነገ ተመለስ» ተባልኩ፤ 112። ሐሙስ ጎረቤት ቤት በረካውን ሳልጠጣ አልነሳም ብዬ እየሳቅኩ 96። ቀበቶው ዳገቱን፣ ንዴቱንና ቡናውን አይለይም። የለየልኝ ሰዓቱንና ሁኔታውን የጻፍኩበት የሁለት መስመር ማስታወሻ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከዳገቱ በኋላ ትንሽ አረፍ እንዳልኩ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከቢሮው በኋላ ግን ማታ ቤት ጋደም ብዬም አልወረደም። ለምን? ታሪኩን ለባለቤቴ ሦስቴ ስለተረኩላት! ስለዚህ ስንት እንደደረሰ ብቻ ሳይሆን ለመውረድ ስንት እንደፈጀም ጻፉ።

እንዲህ ያለ የእጅ ሰዓት ያላችሁ፣ ሰዓቱ በቆዳ ውስጥ ብርሃን እየላከ የደሙን መመላለስ ስለሚያነብ ጠመኔ በያዘ እጅ ላይ ይሳሳታል፤ በሌላኛው እሰሩት። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ፣ ከቡና በፊት ለኩ። ጅማ ላይ ቆሜ ይህን ማለቴ ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። ቁጥሩን ከራሳችሁ ትናንት ጋር እንጂ ከጎረቤት ጋር አታስተያዩት። ደረቱን ያመመው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ግን ሰዓት ሳታዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በሩ አጠገብ ሦስት ቀበቶና ሦስት ደብተር አለ፤ ተመዝግባችሁ ለሦስት ሦስት ቀን ውሰዱ። ደብተሩን ባዶውን ለሚያመጣ ግን ቀበቶውንም አልቀበለውም!