የምትጠነክሩት የሮጣችሁ ቀን አይደለም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬው ቪዲዮ የእረፍት ቀን ሲደርስ ለሚጨንቃችሁ ነው። ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ፕሮግራሙ ላይ «እረፍት» ተብሎ እያለ «ትንሽ ብቻ ላፍታታ» ብላችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ አንዱ ሮጦ ሲያልፋችሁ እልህ ይይዛችኋል። ስትመለሱ ላብ በላብ። አዎ፣ እናንተን ነው።

እስቲ ሩጫውን ለጊዜው እንተወውና ግንባታ ቦታ እንሂድ። አርማታ ሲሞላ አይታችኋል አይደል? የሙሌት ቀን ግርግር ነው። ማደባለቂያው ይጮኻል፣ ሰው ይሯሯጣል፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶ፣ ውሃ። ማታ ሁሉም ደክሞት ይሄዳል። አሁን ጥያቄ፦ ያ ሶሌታ በዚያ ምሽት ጠንካራ ነው? ብትጫኑት ጣታችሁ ይሰምጣል! ያ ሁሉ ልፋት አልቆ ነገሩ ገና ጭቃ ነው። የሚጠነክረው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው።

ቆይ፣ አልጨረስኩም፤ ይሄን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው። ብዙ ሰው አርማታ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ይመስለዋል። አይደለም! ሲሚንቶው ከውሃው ጋር በኬሚካል ይዋሃዳል፤ የሚያጠነክረው እሱ ነው። ውሃ የሚያጠጡት፣ እርጥብ ጆንያ የሚያለብሱት ለዚህ ነው። ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሥራ ላይ ነው። ጥንካሬውም የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን ነው። አንዱ ችኩል በማግስቱ መጥቶ ካሳፎርማውን ልንቀል ቢልስ? ፎርማኑ አባሮ አይዘውም? እናንተ ግን በገዛ እግራችሁ ላይ በየሳምንቱ ይሄንኑ ታደርጋላችሁ። ፎርማን የላችሁማ!

ሰውነትም እንደዚያው ነው። ፈጠን ልበል፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ከባድ ልምምድ የጡንቻ ክሮችን በጥቂቱ ይጎዳል፣ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን የጉልበት ስኳር፣ ግላይኮጅንን፣ ያሟጥጣል። ስታርፉ፣ በተለይ ስትተኙ፣ ሰውነት የተጎዳውን ይጠግናል፤ ለሚቀጥለውም ከበፊቱ ትንሽ አጠንክሮ ይሠራዋል። ግላይኮጅኑ በደንብ ከበላችሁ በ24 ሰዓት ገደማ ይመለሳል። የጡንቻ ሕመም ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትመኑ። ጅማት ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል። ሳንባችሁ «እንሂድ» ሲል ጅማታችሁ «ኧረ ቆይ» የሚለው ለዚህ ነው። አለቀ፣ ሳይንሱ ይሄው ነው።

አዎ፣ «የሚያመኝ ላክቲክ አሲድ ነው» የምትሉም አላችሁ። እሱ ጠንክራችሁ ስትሮጡ ጡንቻ የሚያመነጨው ነገር ነው፤ ሩጫው ባለቀ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጸዳል። በማግስቱ ደረጃ ስትወርዱ ለሚያስቃስታችሁ ነገር እሱ የለበትም፣ ተዉት።

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ነገር ተደጋግሞ መጣ፦ «ሁለት ቀን ካረፍኩ የለፋሁበት ሁሉ ገደል ይገባል።» ሁለት ቀን! ይሄንን ሳልመልስ አላልፍም።

ሩጫ ስታቆሙ መጀመሪያ የሚቀንሰው የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። እሱም ቀናት ይፈልጋል፤ ስትመለሱ ደግሞ ቶሎ ይተካል። የሚሰማ የአቅም መውረድ የሚመጣው ሁለት ሳምንት ገደማ ጭራሽ ሳትሮጡ ስትቆዩ ነው። «ግን ካረፍኩ በኋላ እግሬ ይከብደኛል» ትሉኛላችሁ። ይከብዳል! ስታሟሙቁ ይለቃችኋል። እግር መክበድና አቅም ማጣት ለየቅል ናቸው።

አላመናችሁም? ሮጀር ባኒስተርን እንጥራው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኦክስፎርድ ላይ አንድ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠው ሰውዬ፤ ሰዓቱ 3:59.4። በዚያው ዓመት፣ ከሪከርዱ በፊት፣ ልምምዱ አልንቀሳቀስ አለው፤ በልምምድ እየደጋገመ የሚሮጣቸውን ሩብ ማይሎች ከ61 ሰከንድ ማውረድ አቃተው። ምን አደረገ? ልምምዱን ትቶ ስኮትላንድ ተራራ ሊወጣ ሄደ። ሲመለስ 59 ገባለት። ተራራ መውጣት እረፍት ነው ወይ ካላችሁኝ ልክ ናችሁ፣ እኔም አልመክርም። ከውድድሩ በፊት በነበሩት አምስት ቀናት ግን ጭራሽ አልሮጠም። አምስት! ሪከርድ ሊሰብር የተዘጋጀ ሰው አርፎ ከተቀመጠ፣ እኛን ምን ነካን?

እሺ፣ ፕሮግራሙ። በሳምንት አምስት ቀን ትሮጣላችሁ እንበል። ከባዱ ሁለት ቀን ይሁን፤ ማክሰኞ ኢንተርቫል (በፍጥነት ሮጦ፣ አረፍ ብሎ፣ እንደገና መድገም)፣ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ። ሦስቱ ቀን ቀላል፣ ሁለቱ እረፍት። ሁለቱን ከባድ ቀን አታያይዟቸው። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ደግሞ ርቀቱን ቀነስ አድርጉት።

በእኔ እምነት ግን ሰው የሚበላሸው ከባዱ ቀን ላይ ሳይሆን ቀላሉ ላይ ነው። ቀላሉን ስታፈጥኑት ማክሰኞ ጉልበት ታጣላችሁ፣ ኢንተርቫሉም ይቀዘቅዛል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ቀን መካከለኛ ይሆናል፤ ለእረፍት የከበደ፣ ለልምምድ የቀለለ። ቀላል ማለት እየሮጣችሁ ወሬ ማውራት የምትችሉበት ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፤ «እህ፣ አዎ» ብቻ አይቆጠርም። ካልቻላችሁ ቀንሱ። ፔሱ፣ ማለትም የሩጫ ፍጥነታችሁ፣ ካሳፈራችሁ የሰዓቱን ስክሪን በእጅጌ ሸፍኑት።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ለኩ። ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው ከፍ ካለ፣ ደክሟችሁም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ በትንሽ ትልቁ ከተነጫነጫችሁ፣ ያን ቀን ጫማውን አትንኩት። ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ስትሮጡ ከባሰ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ኮሜንት ላይ አትጠይቁኝ።

ሌላውን ሁሉ ግን ጠይቁ። ሰብስክራይብም አድርጉ፤ በሚቀጥለው ላክቲክ አሲድን ለብቻው አስቀምጠን እናወራዋለን፣ ብዙ ስሙ የጠፋ ነገር ነው።