ከአርባው በኋላ የሚከፈት ሳጥን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወሉልን አድማጮች የተለያየ አገርና ሰፈር ይኑሩ እንጂ ጭንቃቸው አንድ ነው። ሀብት ነበራቸው ወይም አላቸው። ሀብቱ ሲጎድል ወይም ሊከፈል ሲቀርብ፣ ለዓመታት የተዳፈነ የቤተሰብ ምስጢር ብቅ አለባቸው። በአየር ላይ ሰዓት ስላጠረኝ፣ እንደ ውርስ ጠበቃ የምመልሰውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ከሜሪላንድ የደወለች እህት፦ አያቴ ፒያሳና ካዛንቺስ ሰባት ቤት ነበራቸው። ስድስቱን ደርግ ወሰደው። አባቴ እስኪሞት ድረስ የቤቶቹን ወረቀት በብረት ሳጥን ቆልፎ ነበር። አሁን ሳጥኑን ከፍተን እርስ በርስ ተኳርፈናል። አጎቴ «አንደኛው ቤት በአዋጅ አልተወሰደም፣ በጉልበት ነው የነጠቁን» ይላል። ማስመለስ ይቻላል?

እህቴ፣ መጀመሪያ የተወሰደበትን መንገድ እንለይ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት እንዲያስቀር ተፈቀደለት። የቀረው «ትርፍ ቤት» ተባለ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጠው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። በኪራይ ብቻ ይተዳደሩ ለነበሩ ሰዎች ደግሞ የወር አበል ተቆረጠላቸው። ትናንት አከራይ የነበረ ሰው አበል ለመቀበል ወረፋ ያዘ። አባትሽ ሳጥኑን የቆለፈው በስስት አይመስለኝም። ያንን ውርደት ለልጆቹ መተረክ ከብዶት ነው።

እንግዲህ በአዋጁ መሠረት የተወሰደው አይመለስም። መንግሥት ሲለወጥም አልተመለሰም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏል። በዚህ ላይ ተስፋ የሚሸጥላችሁ ደላላ ወይም ጠበቃ ከመጣ ገንዘብ እንዳትሰጡት።

የአጎትሽ ነገር ግን ለብቻው መታየት አለበት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 የሚመለከተው ከአዋጅ ውጭ ያለአግባብ የተወሰዱ ንብረቶችን ነው። ለምሳሌ ቤተሰቡ የሚኖርበት ብቸኛ ቤት ከተወሰደ፣ ወይም ባለሥልጣን በቃል ትዕዛዝ ብቻ አስወጥቶ ከገባበት፣ ይኼ አዋጅ 47 የፈቀደው አይደለም። ጥያቄውን እንዲያጣራ ኃላፊነት የተሰጠው ያኔ ለፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ነበር። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የባለቤትነት ወረቀቱን ብቻ አትፈልጊ። ቤቱ እንዴት ከእጃችሁ እንደወጣ የሚናገረውን ፈልጊ፤ የማስረከቢያ ቅጽ፣ የአበል ደብዳቤ፣ ከ1967 በኋላ የተከፈለ የግብር ደረሰኝ። አያትሽ ራሳቸው ፈርመው ካስረከቡ ነገሩ ያለቀለት ነው። የእሳቸው ፊርማ የትም ከሌለ ግን አጎትሽን ቁጭ አድርጋችሁ ስሙት።

ሌላም ነገር አለ። ያኔ ቤት ለማትረፍ ብለው በዘመድ ስም ያዞሩ ሰዎች ነበሩ። ሰባተኛው ቤት፣ የቀረላችሁ ማለቴ ነው፣ በማን ስም እንደተመዘገበ አጣርታችኋል? ከእናንተ የሚደበቀው ነገር ከስድስቱ ይልቅ እዚያ ሊሆን ይችላል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ብዙ ቤት ፈርሶባቸዋል። ሄደሽ ብታይው አጥሩንም ላታገኚው ትችያለሽ። ቤቱ ቆሞ ከሆነ ደግሞ፣ እዚያ ልጆች ወልደው ያሳደጉት የቀበሌ ቤት ተከራዮች ቀማኞች አይደሉም። በእነሱ ላይ ቂም አትያዙ።

ከቦሌ የደወሉ ወንድም፦ አባታችን መርካቶ ውስጥ ትልቅ ነጋዴ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በአርባው ዕለት አንዲት ወጣት መጥታ «እኔም ልጁ ነኝ» አለች። አባታችን «ወላጅ» በሚለው ቦታ ላይ የፈረመበት የትምህርት ቤት ካርድ አላት። እናታችን እስከ ዛሬ አልቆረጠላትም፣ ታለቅሳለች። እኛ ሦስታችን ብቻችንን የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተናል። ወንድሞቼ «ሦስት ዓመት እስኪሞላ ዝም እንበል» ይላሉ። ምን ይሻለናል?

ወንድሜ፣ ስለደወሉ አመሰግንዎታለሁ። ወንድሞችዎ ስለ ይርጋው፣ ማለትም መብት ሳይጠየቅ ጊዜው ስለሚያልፍበት ደንብ፣ የሰሙት ነገር አለ፤ ግን ግማሹን ነው የሰሙት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት አንድ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። እንግዲህ ልጅቷ መብቷን ያወቀችው መቼ ነው? ንብረቱ በእናንተ እጅ መሆኑንስ? ይኼን ቀን በክርክር የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው እንጂ የእናንተ ካላንደር አይደለም። ማረጋገጫውም ቢሆን እንዲሰረዝ አቤቱታ ሊቀርብበት ይችላል። «ከሦስቱ ሌላ ልጅ የለውም» ብለው የመሰከሩት ሰዎች እያወቁ ዋሽተው ከሆነ ደግሞ፣ ሐሰተኛ ምስክርነት ወንጀል ነው። የአባታችሁን ወዳጆች እዚህ ውስጥ አስገብታችኋቸዋል።

ልጅነቷን የምታስረዳበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የልደት ምዝገባ አለ። አባት በኑዛዜ ወይም በተረጋገጠ ሰነድ የተቀበላት እንደሆነም ይታያል። ይኼ ሁሉ ባይኖር እንኳ አባትየውና አካባቢው እንደ ልጁ ይቆጥሯት እንደነበር በምስክር ይረጋገጣል። ያ የትምህርት ቤት ካርድ ብቻውን ባይበቃም ቀላል ነገር አይደለም። የአባታችሁ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ዓመት በዓመት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ከእናንተ ከአንዳችሁ ጋር የዲኤንኤ ምርመራ ማድረግም ይቻላል። ልጅ ከሆነች ድርሻዋ ከእናንተ እኩል ነው። ሕጉ በትዳር ውስጥ የተወለደና ከትዳር ውጭ የተወለደ ብሎ አይለይም።

አሁን ስሌቱን እንየው፣ ጠቡ ከገንዘቡ የሚበልጥ ስለሚመስለኝ። በአገራችን ሕግ ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም። ይኼ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። እናትዎ የሚወስዱት ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን የራሳቸው ንብረት ነው። የጋራው ሀብት 20 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። 10 ሚሊዮኑ የእናትዎ ነው። ቀሪው 10 ሚሊዮን ለሦስት ሲካፈል 3 ሚሊዮን 333 ሺህ፣ ለአራት ሲካፈል 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ይደርሳችኋል። ለእያንዳንዳችሁ ልዩነቱ 833 ሺህ ብር ገደማ ነው። ክሱ ተጀምሮ ሕንፃው ላይ እግድ ቢወጣ መሸጥም መለወጥም አትችሉም። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት።

እናትዎን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ልጅቷን ድንገት በሙት ዓመቱ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጧት። እናትዎ የሚያለቅሱት ስለ ድርሻ አይመስለኝም። ባላቸውን ሁለት ጊዜ ነው ያጡት። መጀመሪያ ለብቻቸው ይንገሯቸው፣ የእሳቸው ግማሽ እንደማይነካም ያስረዷቸው። ሽማግሌ ስትመርጡ ደግሞ ምስጢሩን ሲያውቁ ዝም ያሉትን የአባታችሁን ጓደኞች አትላኩ፤ እናትዎ ቤታቸው እንዲገቡ አይፈልጉም። ስትስማሙ የክፍፍሉን ውል በጽሑፍ አድርጉና በሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡት። የቃል ስምምነት ነገ በሚስቶቻችሁና በባሎቻችሁ አፍ ይፈርሳል።

ከዱባይ የደወለች እህት፦ ያሳደገችኝ አክስቴ ሀብታም ነበረች። ስትሞት ዳዊቷ ውስጥ በእጇ የጻፈችው ሦስት ገጽ ወረቀት ተገኘ። ቤቱን ለእኔ ትላለች። ወንድሞቿ «ዋጋ የለውም» አሉ።

እህቴ፣ ወረቀቱን በእጅሽ ይዘሽ እነዚህን ነገሮች ተመልከቺ። ሙሉው በእጇ የተጻፈ ነው? «ኑዛዜ» መሆኑን በግልጽ ይናገራል? በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ አለ? ፊርማው በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ የወንድሞቿ ክርክር ጠንካራ ነው። ከተጻፈ ሰባት ዓመት ካለፈው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ፣ ኑዛዜው ውድቅ ነው። ዳዊት ውስጥ መቀመጡ አይቆጠርም። ማሳደግና ማደጎም የተለያዩ ናቸው። በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ውል ከሌለ እንደ ልጅ አትወርሻትም። ልጅ ሳትወልድ ከሞተች ግን፣ የእሷ ወንድም ወይም እህት የሆነው ወላጅሽ ቀድሟት ሞቶ ከሆነ፣ በእሱ ምትክ የሚደርስሽ ድርሻ ሊኖር ስለሚችል ተስፋ ሳትቆርጪ ጠበቃ አማክሪ። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጪ፣ ኮፒ ይበቃቸዋል።

ከደሴ የደወሉ እናት፦ ባሌ ካረፈ ቆይቷል። የመጀመሪያ ልጄ የእሱ አይደለችም። እሱም አላወቀም። ወርሳ፣ አግብታ፣ ወልዳለች። አሁን እኔ ታምሜአለሁ። ብናገር ወንድሞቿ ውርሱን ይነጥቋታል ብዬ ፈራሁ።

እናቴ፣ ድምፅዎ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ። ይኼ ፍርሃት ለዓመታት እንቅልፍ ነስቶዎት ከሆነ በሕግ በኩል ይረፉ። በትዳር ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው፤ ሕጉ የሚለው ይኼንን ነው። «ልጄ አይደለችም» ብሎ መካድ የሚችለው በመሠረቱ ባልየው ራሱ ነው፤ እሱም ቢሆን መወለዷን ባወቀ በ180 ቀን ውስጥ መክሰስ ነበረበት። አልከሰሰም፤ አባቷ ሆኖ አሳድጓታል። ወንድሞቿ ዛሬ ተነስተው ውርሷን አይነጥቋትም።

ስለዚህ የቀረው ጥያቄ መናገር ይገባዎታል ወይ የሚለው ነው። የሚነግሯት ከሆነ ለእሷ ብቻ፣ ከሌሎቹ ልጆች ቀድመው ይንገሯት። የወላጅ አባቷን ስምና በዘሩ ያለ ሕመም ካለ እሱንም ይጨምሩላት፤ ለራሷም ለልጆችዋም ሐኪም ፊት ይጠቅማታል። ለወንድሞቿ መናገር አለመናገሩን ለእሷ ይተዉላት። ከዚያ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር መመካከር ከፈለጉ ይመካከሩ። ግን ሕመሙ ሳይበረታ፣ ቃልዎ ሳይደክም ይሁን።