ፎቁ ይሠራ፣ ነዋሪውም እዚሁ ይኑር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ከክፍለ ከተማ የመጣችሁልን ባለሙያዎችም፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው የሰፈራችን የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ይሠራ በሚለው ሐሳብ ላይ ለመነጋገር ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት አባታችን ፎቅ ሰፈራችንን ይበትናል ብለው ሠግተዋል። ሥጋታቸው የእኔም ነው። ሆኖም ፎቁ ይሠራ ከሚሉት ወገን ነኝ።

ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ ወዲህ በዚህ ሰፈር ሰው ሲጨመር እንጂ ቤት ሲሠራ አላየንም። ግድግዳው ተፈረካክሷል፣ ቆርቆሮው ያፈስሳል፤ አንዱን መጸዳጃ ስንት አባወራ እንደሚጋራው እናውቃለን። እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለንም። ወደ ላይ አንሥራ ካልን ደግሞ ልጆቻችን ቤት የሚያገኙት ከከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ነው። እዚያ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ዘመዶቻችን ሥራ ለመድረስ ገና ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ይይዛሉ።

ጥያቄዬ ፎቁ ለማን ይሠራል የሚል ነው። ልደታን ተመልከቱ። የድሮው ሰፈር ፈርሶ በከፊሉ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ሌላው መሬት በሊዝ ወጥቶ የንግድ ሕንፃ ቆመበት። ቅድመ ክፍያ ያልቻለው ሌላ ሰፈር ሄደ። ኮንዶሚኒየም ከደረሳቸውም የባንክ ዕዳ ለመክፈል ቤታቸውን አከራይተው ራቅ ብለው የተከራዩ አሉ። እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ልጆች የምታሳድግ እናት ደንበኞቿን ትታ ስትሄድ፣ ምትክ ቤት ቢሰጣትም እንጀራዋን አጥታለች።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የደባሎች ጉዳይ ነው። የቀበሌ ቤት ውል በአንድ ሰው ስም ነው፤ እዚያው ጓዳ ውስጥ 20 ዓመት የኖረው ደባል መዝገብ ላይ የለም። ቤቱ ሲፈርስ ምትክ የሚሰጠው በመዝገብ ከሆነ፣ እሱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህ ሰው እድርተኛችን ነው፤ ለቅሶአችን ላይ ድንኳን የሚተክል ነው። ስለዚህ ቆጠራው ቤት ለቤት ይሁን፤ የእድር መዝገባችንም ማስረጃ ሆኖ ይቅረብ።

ሌላው፣ አሠራሩ በየተራ ይሁን። መጀመሪያ በክፍት ቦታው ላይ አንድ ሕንፃ ይቁም፤ ሰው ይግባበት፤ ከዚያ የለቀቀው ቤት ይፍረስ። የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቅድሚያ መክፈል ለማይችል በአቅሙ የሚከራየው ቤት ይመደብ። ምድር ቤቱ ለጉሊት ነጋዴዎቻችንና ለእንጀራ መጋገሪያ ይሁን። አረጋውያን ታችኛው ፎቅ ላይ ይግቡ፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍት ይቆማልና። የሊፍቱን ጥገና ማን እንደሚከፍልም አሁኑኑ ይነገረን።

ባለሙያዎቻችን፣ እነዚህ ነጥቦች በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈሩልን። ፊርማችንን የምናኖረው ተጽፈው ስናነባቸው ነው።

አመሰግናለሁ።