በ50 እየነዱ ሰው መግጨት ከስንተኛ ፎቅ እንደመጣል ነው?

ሰላም ሰላም! ዛሬ ወሬያችን ከሹፌሮች ጋር ነው። መንገዱን ከእግረኛና ከሳይክለኛ ጋር እንዴት እንጋራው?

መጀመሪያ ፎቁ። ኮንዶሚኒየም አስቡ፣ ጂ ፕላስ ፎር። ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሁለተኛው 40። ከሦስተኛው 50። 60 እንዲሞላ ከአራተኛውም አልፎ ወደ ጣሪያው መጠጋት አለበት። አሁን ገልብጡት። በ30 የተገጨ ሰው ከአንደኛ ፎቅ እንደወደቀ ነው፤ ይሰበራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ይተርፋል። በ50 የተገጨውስ? ሦስተኛ ፎቅ! እባካችሁ ትምህርት ቤት በር ስትደርሱ፣ ገበያ ዳር ስትደርሱ፣ የፍጥነት ቆጣሪውን አይታችሁ ፎቁን ቁጠሩ። ስንተኛ ላይ ናችሁ?

ፍሬኑን ቶሎ ልለፈው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። አይታችሁ እስክትረግጡ 1 ሴኮንድ። በ50 ይህ ብቻ 14 ሜትር ይበላል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 14። ድምር 28። በ30 ድምሩ 13 ብቻ። ስለዚህ 14 ሜትር ላይ ልጅ ዘሎ ቢገባ፣ በ30 የነበረው ሹፌር ቆሟል፤ በ50 የነበረው ገና ፍሬን መርገጡ ነው። ዝናብ ካለ ይብሳል። የፍሬኑ ቪዲዮ ቻናላችን ላይ አለ፣ እዩት፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ።

ዜብራ ላይ አንድ ነገር፦ ጎናችሁ ያለው መኪና ከቆመ እናንተም ቁሙ። እሱ የሚያየውን እግረኛ ለእናንተ የጋረደው ራሱ መኪናው ነው።

አሁን ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ ወደምትጽፉት። «ሳይክለኛው ዳር ይዞ ቢሄድ ችግር የለም» ትላላችሁ። የለም፣ እንለካው። ረድፉ 3.5 ሜትር ይሁን። ሳይክሉ ከነመሪው 60 ሳንቲ ሜትር፣ መሃል የምትተዉት ክፍተት 1.5 ሜትር፣ መኪናችሁ 1.8። ድምር 3.9! ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ቢሄድ እንኳ ረድፉ ለሁለታችሁ አይበቃም፤ ዳር ያዘ አልያዘ ለመቅደም ረድፍ መቀየራችሁ አይቀርም። ደግሞስ ዳሩ ላይ ምን አለ? ጠጠር፣ ክዳኑ የተሰበረ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የቆመ መኪና በር። ጉድጓድ ድንገት ያየ ሳይክለኛ ወዴት ይሸሻል? ወደ እናንተ! ከቆሙ መኪኖች 1 ሜትር የሚርቀውም ለዚህ ነው፤ በር ሲከፈት ያን ያህል ይወጣል። መንገድ ሊዘጋባችሁ አይደለም።

ስለዚህ ከኋላው ፍጥነት ቀንሱ፣ ስፖኪዮ እዩ፣ ፍሬቻ አብሩ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላው ረድፍ ውጡ። ሳይክለኛው በስፖኪዮ ሙሉ ሳይታያችሁ አትመለሱ። ጆሮው ሥር ደግሞ ክላክስ አታድርጉ፤ የደነገጠ ሰው መሪው ይንቀጠቀጥበታል። የኤፍኤስአርና የሲኖትራክ ሹፌሮች፣ እናንተ ከ1.5 ሜትርም በላይ ራቁ፤ ነፋሳችሁ ሳይክሉን ይገፋዋል።

በኮሪደር ልማት የሳይክል መስመር በተሠራላቸው መንገዶች ወደ ቀኝ ስትታጠፉ መስመሩን ትቆርጣላችሁ። ስፖኪዮ ብቻውን አይበቃም፣ አንገታችሁን አዙራችሁ ተመልከቱ። ሳይክለኛ ቀድማችሁ ወዲያው ፊቱ ላይ ከመታጠፍ ከኋላው ቆይታችሁ ታጠፉ፤ የምትጠብቁት ጥቂት ሴኮንድ ነው።

ስታቆሙም በሩን በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። ቀኝ እጅ ወደ ግራ በር ሲዘረጋ ትከሻችሁ አብሮ ይዞራል፣ ዓይናችሁም ከኋላ የሚመጣውን ያያል።